ጋቢ የለበሰው ፍሪዘር

ራጉኤል በጣና ዳር ተወልዶ በጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን በሚባል ሰፈር የብርድ ልብስ ነጋዴ የሆነ ሰው ነው። ዓሣ አጥማጅ ከነበሩት አባቱ የወረሰው አንድ ሕግ ነበር፤ ያጠመደ ሰው የያዘውን ለመንገደኛ ሳያሳይ አያልፍም፤ የደበቀ እንደሆነ ውሃው ይቀየመዋል። ይህ ሕግ ለታንኳ እንጂ ለፍሪዘር እንዳልተደነገገ የተረዳው ግን ዘግይቶ ነው።

በዚያ ዓመት የታኅሣሥ ገብርኤል ማኅበር ተራው የእርሱ ነበር። በዓሉ በነቢያት ጾም ውስጥ ስለሚውል ሥጋ አይቀርብም፤ ማኅበርተኞቹ ዓሣን ግን አይነቅፉም። ራጉኤልም፣ «ከገበያ አልገዛም፤ በገዛ እጄ ከባሕር አጥምጄ አበላችኋለሁ» ብሎ ፎከረ። ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ በቶኮዛ ሰፈር ሱቅ ያለው አንዱዓለም፣ «እንግዲያው ሽሮም ይሠራ፣ ለማንኛውም» ቢል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሳቅ ራጉኤልን እንቅልፍ ነሣው።

አልጋና ምድጃ ያላት አሮጌ የካራቫን መኪና ነበረችው። ከሚስቱ ከደስታነሽ ጋር ወደ ደርባን ወረደ፤ ባሕሩም አላሳፈረው። ዓሣው በፍሪዘር ተጠቅጥቆ፣ ባረፉበት ቤት መብራት ላይ ተሰክቶ ድንጋይ ሆነ። በመልሱ ጉዞ ላይ ደግሞ የመኪናዋ ሞተር እስከሠራ ድረስ ፍሪዘሩም ይሠራል።

ታዲያ ነዳጅ በቀዱበት ሁሉ ሐበሻ አይጠፋም፤ ራጉኤልም ሐበሻ ባየ ቁጥር ክዳኑን ብድግ ያደርጋል። በመጨረሻ ደስታነሽ ትዕግሥቷ አለቀ። ከዓሣው ጋር ባረጋችው አንድ ስኒ በረዶ ላይ የራንድ ሳንቲም አኖረች፤ በረዶው ከቀለጠ ሳንቲሟ ትሰጥማለችና። ከዚያም ፍሪዘሩን ቆልፋ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው፤ በላዩም የባሏን ጋቢ ደረበችበት።

«ምነው ደስታ! እኛ በሙቀት እያለቅን ዓሣው በረደው?»

«ጋቢ ሙቀት አይሠራም፤ ያገኘውን ነው የሚጠብቀው። ለአንተ ሙቀትህን፣ ለዓሣው ብርዱን።»

ተራራውን ወጥተው ሃሪስሚዝ ከተማ ሲደርሱ ሞተሩ አጓርቶ ዝም አለ። ፍሪዘሩም አብሮ ዝም አለ። የፈረንጆች ገና ነበርና መካኒኩ የሚከፍተው በማግሥቱ ነው። በከተማው ሱቅ ያለው ሙሰብ፣ የሥልጤ ልጅ፣ ሰምቶ መጣና መኪናዋን አስጎትቶ ከደጁ አቆማት። የኤሌክትሪክ ገመድም ከሱቁ ሊዘረጋላቸው ሲል የከተማው መብራት ጠፋ።

«አብሽሩ» አለ ሙሰብ። «ጋሼ ራጉኤል፣ እስቲ ይክፈቱትና እንየው። ከላላ ዛሬውኑ ጠብሰን እንብላው፤ ከሚበላሽ። ሥጋ እንደሆነ አንበላላም፤ ዓሣ ግን የጋራችን ነው።»

ራጉኤል ሚስቱን አየ። ደስታነሽ ማተቧን በእጇ ጨበጠች።

«ሙሰብ ወንድሜ፣ ከተከፈተ ብርዱ ይወጣል። ቤርያ ቤታችን ሳንገባ አይከፈትም።»

«እትዬ ደስታ፣ ውስጡ ታቦት አለ እንዴ?» ብሎ ሙሰብ ሳቀ፤ ሽንብራ በሩዝም አቀረበላቸው። ራጉኤል ግን ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። ያስጠጋውን ሰው፣ ያውም ከአንድ ሳህን ሊጋሩት በሚችሉት ነገር፣ ባዶ እጁን አስቀርቶታል። አባቱ ቢያዩት ምን ይሉ ነበር? ውሃውስ ተቀይሞ ይሆን?

በማግሥቱ መኪናዋ ተጠግና፣ ፍሪዘሩም እንደገና እያጉረመረመ፣ ጆሃንስበርግ ገቡ። ራጉኤል መንገዱን ሁሉ አፍንጫውን ወደ ኋላ እየላከ ሽታ ሲፈልግ ነበር። ፍሪዘሩን በጋቢው እንደ ተጠቀለለ ተሸክመው ቤርያ ወዳለው መኖሪያ ፎቃቸው ሲያወጡ አንዱዓለም ቀድሞ ደረጃው ላይ ቆሟል።

«ጎበዝ፣ ሬሳ ነው እንዴ የገነዛችሁት? ሽሮው ግን ደርሷል።»

ደስታነሽ ቁልፉን ከፈተች፤ ክዳኑን አነሣች፤ ስኒዋን አውጥታ ለባሏ ሰጠችው። ሳንቲሟ በረዶው ላይ፣ እንዳኖረቻት ተቀምጣለች። አንዱዓለም ጎንበስ ብሎ አንዱን ዓሣ ቢስበው ከጓደኞቹ ተጣብቆ እንቢ አለው።

«ይሄ ዓሣ ነው ወይስ የግንብ ድንጋይ?»

ራጉኤል ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ «እሰይ፣ እሰይ ገብርኤል!» እያለ ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው መጣ። ደስታነሽ በዚህ መካከል ትልቁን ዓሣ ፈልቅቃ በፌስታል ጠቅልላ ነበር።

«ይኸኛው የሙሰብ ነው፤ ነገ ወደ ሃሪስሚዝ በሚሄድ ሰው እንልክለታለን። የቀረውን አሁን የፈለግኸውን ያህል አሳይ።»

ራጉኤል ሁለተኛውን ዓሣ በሁለት እጁ አቅፎ ተነሣ። ደረቱ በብርድ እየደነዘዘ፣ የፎቁን በሮች አንድ በአንድ ያንኳኳ ጀመር።