አራት ዲግሪ መቀነስ

በተራራው ግርጌ ያሉ ሰዎች «ዝናብ ለኪው» እያሉ ነው የሚጠሩት። ሲቀልዱበት «ዛሬስ ስንት ፈቀድክልን?» ይሉታል። ጎርፍ አጥራቸውን ሲወስድባቸው ደግሞ እሱ ያዘነበው ይመስል ፊት ይነሱታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራው አንድ ነበር፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ያለውን የዝናብ መለኪያ ያያል፣ ነጩን የእንጨት ሳጥን ከፍቶ ቴርሞሜትሩን ያነባል፣ መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ከተማ ላለው የአየር ትንበያ ቢሮ ይደውላል።

አንድ አልኩ እንጂ ሥራው ሁለት ነበር። ሁለተኛው ሳጥን ያለው ላይ ነው፣ የመኪናው መንገድ ተራራውን ከሚሻገርበት መተላለፊያ ከፍ ብሎ። እዚያ የሚደረሰው በእግር ነው፤ ጥሩ ጉልበት ላለው ሰው አርባ ደቂቃ። ደንቡ በየቀኑ ማለዳ ወጥተህ ላይኛውን አንብብ፣ ወርደህ ታችኛውን አንብብ ይላል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ዳገቱን አይተውት አያውቁም።

ከሦስት ዓመት በፊት ቀኝ ጉልበቱ ከዳው። ለቢሮው ቢናገር ወይ ጡረታ ያወጡታል፣ ወይ ጎረምሳ ይተኩበታል ብሎ ፈራ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከዚያ ሥራ በቀር ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው ነገር አልነበረውም። መዝገቡን ወደ ኋላ ሲያገላብጥ አንድ ነገር አየ። ላይኛው ሳጥን ከታችኛው ብዙውን ጊዜ በአራት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት፣ ግን ብዙውን ጊዜ አራት። እና ቁጭ ብሎ፣ ሻዩን እየጠጣ፣ ከታችኛው ላይ አራት ይቀንስ ጀመር።

መጀመሪያ ሰሞን እየፈራ እየተባ ነበር የሚጽፈው። ማንም ምንም አላለም። እንዲያውም በዓመቱ የትንበያ ቢሮዋ ልጅ በስልክ «ጋሼ፣ እንደ አንተ የተስተካከለ ቁጥር የሚልክልን ጣቢያ የለም እኮ» ብላ ስታሞግሰው የልብ ልብ ሰጠው። ውሸት እንዲህ ነው፤ አንዴ ከተመሰገነ በኋላ ሰውን አይለቅም።

ታናሽ ወንድሙ የወተት መኪና ሹፌር ነበር። እናታቸው ስትሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበርና ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ የዳረውም እሱ ነው። ወንድምየው አርባ አራት ዓመት ሞልቶት፣ ሆዱም ገፋ ብሎ፣ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ እንኳ ለእሱ ያው ልጁ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ተራራውን ተሻግሮ ከወዲያ ማዶ መንደሮች ወተት ያመጣል። ጥርስ የማያስከድን ሰው ነበር፤ መኪናውን «ሁለተኛዋ ሚስቴ» ይላታል፣ አንደኛዋ ሚስቱ በተቀመጠችበት። «ጋሼ፣ እኔ በመሪ አይደለም የምነዳው፣ በአንተ ቁጥር ነው» ይላል ደግሞ።

ይህ ቀልድ አልነበረም። ከመተላለፊያው በታች፣ በከተማው በኩል፣ ኬላ አለ። ላይኛው ሳጥን አንድ ዲግሪና ከዚያ በላይ ካለ መኪና ሁሉ ያልፋል። ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ካለ ከባድ መኪና አያልፍም፤ ሌላውም ጎማው ላይ ሰንሰለት ሳያስር አያልፍም። ኬላ ጠባቂው ቁጥሩን በየማለዳው ከትንበያ ቢሮው ይቀበላል። ትንበያ ቢሮው ከዝናብ ለኪው ይቀበላል። ዝናብ ለኪው ከሻዩ ብርጭቆ አጠገብ ያገኘዋል።

የመጸው ማብቂያ ነበር። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘንቦ ሜዳው ሁሉ ጭቃ ሆኗል። በዚያ ጠዋት መለኪያው ውስጥ ሃያ ሁለት ሚሊ ሜትር ውሃ አገኘ፤ ቴርሞሜትሩ አምስት ይላል። ቀና ብሎ ተራራውን አየ፣ ከግማሹ በላይ በጉም ተሸፍኗል። ነፋሱ አቅጣጫውን እንደ ቀየረ ፊቱ ላይ ተሰምቶታል። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ይህ ላይ ብርድ እየመጣ ነው ማለት እንደሆነ ያውቃል። ግን ዘነበ፣ ቀዘቀዘ፣ ጉልበቱም ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘው አድሯል። ከአምስት አራት ሲቀነስ አንድ። ጻፈ፣ ደወለ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሬዲዮው «በዝቅተኛ ስፍራዎች ዝናብ ይቀጥላል፤ በረዶ የሚጠበቀው በከፍተኛዎቹ ተራሮች ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ መተላለፊያው ለሁሉም ተሽከርካሪ ክፍት ነው» አለ። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ አዳመጠ።

አራት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። በላይ በኩል መንገድ የሚጠግን ሠራተኛ ነው፣ በእግር መንገዱ ወርዶ እሳት ሊሞቅ የመጣ። ኮቱን ሲያራግፍ ወለሉ ላይ የወደቀው ውሃ አልነበረም፣ በረዶ ነበር።

«ከየት አመጣኸው ይሄን?» አለ ዝናብ ለኪው።

«ከየት አመጣዋለሁ፣ ከላይ ነዋ! ከመንጋቱ ጀምሮ ሲያወርደው ነው። መንገዱ ነጭ ሆኗል፣ ከሥሩ ደግሞ መስታወት ነው። ሁለት ጊዜ በቂጤ ወደቅኩ። አንተ ዛሬ አልወጣህም እንዴ?»

የወንድሙ የወተት ቀን ነው። ዝናብ ለኪው ሰዓቱን አየና ስልኩን አነሳ። ወንድሙ መንገድ ላይ ከወጣ ስልክ የሚያገኘው አይደለም፤ የደወለው ኬላው ጋ ነው።

«የወተት መኪናው አልፏል?»

«ኧረ ገና ነው» አለ ኬላ ጠባቂው። «ለአምስት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው የሚደርሰው። ምነው?»

«አታሳልፈው። ላይ በረዶ አለ።»

«አንድ ዲግሪ ነው እኮ የላክህልን።»

«አውቃለሁ። ሰው ወርዶ ነግሮኝ ነው።»

ኬላ ጠባቂው ተነፈሰ። «ወንድሜ፣ አምና ሰው ነገረኝ ብዬ ዘግቼ ምን እንደደረሰብኝ ታውቃለህ። ወሩን ሙሉ ያለ ደመወዝ ነው የከረምኩት። እኔ ቁጥር ነው የምፈልገው። ቁጥሩ ስህተት ነው በለኝ፤ አሁኑኑ፣ እዚሁ ስልክ ላይ፣ እዘጋዋለሁ።»

እንግዲህ ከዚህ የቀለለ ነገር ምን አለ? «ስህተት ነው» ብሎ አንድ ቃል። ሠራተኛው ከምድጃው አጠገብ እጁን እያሻሸ ያዳምጣል። ስህተት ነው ካለ፣ እንዴት ተሳሳትክ ይባላል። እንዴት ተሳሳትክ ከተባለ፣ ሦስት ዓመቱ ይመዘዛል።

«ቆይ» አለ በመጨረሻ፣ «ደግሜ አንብቤ ልደውልልህ።»

በዚያች ደቂቃ ያሰበው ይህን ነው፤ እወጣለሁ፣ እውነተኛውን ቁጥር አነባለሁ፣ ወርጄ «ተጨማሪ ንባብ» ብዬ እደውላለሁ። ወንድሜም ይተርፋል፣ እኔም አልዋረድም። ሰዓቱ እንደማይበቃው ልቡ ያውቅ ነበር። ቢሆንም ኮቱን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ወጣ። ኬላው በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው፣ እሱ ደግሞ መኪና የለውም፤ ያለው ጉልበትና ስልክ ነበር። ስልኩን ትቶ በማይረባው ጉልበቱ ሄደ።

ሲሶውን ሳይጨርስ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። ዳገቱን እየወደቀ እየተነሳ፣ አንዳንዱን ቦታ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ነው የወጣው። ላይ ሲደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። የሳጥኑ በር በበረዶ ተጣብቆ በዱላው ጫፍ ነው የፈለቀቀው። ከዜሮ በታች ሦስት። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው እውነተኛ ቁጥር ነበር፤ ጣቱ እርሳስ አልይዝ ብሎት በቃሉ ያዘው።

ሊወርድ ሲዞር ሞተር ሰማ። ከሥሩ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ መንገዱ ከሚጠማዘዝበት። ወንድሙ ማርሽ ሲቀይር ያውቀዋል፤ ሁልጊዜ ትንሽ ያዘገየዋል፣ ሞተሯ እስክትጮህ። የወንድሙን ስም እየጠራ ጮኸ። ቁልቁል እየተንሸራተተ ደጋግሞ ጮኸ። ሞተሩ ትንሽ ጊዜ ተሰማ፣ ከዚያ አልተሰማም። መተላለፊያውን ተሻግሮ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። ቤቱ ደርሶ ሲደውል ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«ከዜሮ በታች ሦስት» አለ እያለከለከ።

«ወይኔ!» አለ ኬላ ጠባቂው። «አሳለፍኩት እኮ!»

መኪናውን ያገኙት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከመጨረሻው ጥምዝ በታች፣ ገደል ውስጥ። ወንድሙ ከመሪው ጀርባ ነበር።

በለቅሶው ላይ የቢሮው ኃላፊ መጥቶ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረ። በዚያ በረዶ፣ በታመመ ጉልበት፣ ማንም ሳያዘው ወጥቶ ተጨማሪ ንባብ ስለወሰደው ባልደረባቸው አፉን ሞልቶ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የወንድሙ ሚስት ከሴቶቹ መሀል ተነስታ መጥታ ጉልበቱን አቀፈችው። «ለእሱ ብለህ ነው የወጣህበት» አለች እያለቀሰች። በዚያው ሳምንት ኬላ ጠባቂው፣ «ዝጋ እየተባለ አልዘጋም» ተብሎ ከሥራው ታገደ። ሰውየው አልተከራከረም፤ «እውነት ነው፣ ነግሮኛል» እያለ ያገኘው ሰው ፊት ሁሉ ያለቅስ ነበር።

ዝናብ ለኪው ይህን አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው የቻለው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መዝገቦቹን በከረጢት ይዞ ቢሮው ሄደ፣ ኃላፊው ፊት ዘረገፋቸው፣ የሦስቱን ዓመት ቁጥሮች በቀይ እስክሪብቶ ራሱ አሰመረባቸው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ። ኃላፊው ጋ መናገሩ ቀላሉ ነበር።

የወንድሙ ሚስት ማዕድ ቤት ውስጥ ድንች እየላጠች ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ወንበር ስባ አስቀመጠችው፤ እሱም ከጉልበቱ ጀምሮ እስከ ሞተሩ ድምፅ ድረስ አንድ ሳያስቀር ነገራት። ቀና ሳትል፣ ድንቹን መላጧን ሳታቆም ሰማችው።

«ኬላው ጋ መጀመሪያ ስትደውል አልደረሰም ነበር?» አለች ሲጨርስ።

«አልደረሰም። አርባ ደቂቃ ይቀረው ነበር።»

«ስህተት ነው ብትለው ይዘጋው ነበር?»

«ይዘጋው ነበር። እንዲያውም ለምኖኛል።»

«ታዲያ ለምን አላልክም ጋሼ?»

«አፈርኩ» አለ።

ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እሱ እኮ ያውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«እንደማትወጣ ነዋ። ሊጠይቅህ በመጣ ቁጥር ጫማህን ያያል፤ የተራራ ጭቃ አይነካውም። ‹ጋሼ ተራራውን ቁጭ ብሎ ነው የሚወጣው› እያለ እዚህ ይስቅብህ ነበር። ተው ንገረው፣ አደጋ አለው ስለው፣ ‹የጋሼ ግምት ከሌላው ሰው ልኬት ይሻላል፣ ምን አስጨነቀሽ› ይለኛል። የኬላውም ሰው ቢሆን ጉልበትህ እንደሞተ ያውቃል፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ማንን ነው ያፈርከው?»