በፋይልዎ ውስጥ አርባ አንድ ማስጠንቀቂያ

ያን ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ የጋሽ መኮንንን ወረቀት ከፕሪንተሩ ላይ ሳነሣ... ባዶ ነው። አንድ መስመር የለበትም። ባለፈው ሳምንት አርባ አንድ መስመር ነበረበት።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን ነገሩ አላማረኝም።

ዘመኑ የፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው። አትላንታ፣ ስማይርና ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ድርጅት እሠራ ነበር። ለኮሌጅ ፓርክ ሆቴሎች፣ እንግዳ ከኤርፖርት የሚያመላልሱትን ቫኖች የሚመድብ ፕሮግራም እንጽፋለን። የእኔ ድርሻ ማንም የማይወደው ሥራ ነው። ሊንት የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የሌላውን ፕሮግራም ሳያስነሣ ጽሑፉን ብቻ አንብቦ «ይቺ ቦታ አላማረችኝም» እያለ ጥፋት ይለቅማል። ስሙም ከልብስ ላይ የሚለቀም ብናኝ ማለት ነው። እኔ ደግሞ የለቀመውን በወረቀት አትሜ ይዤ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞርኩ፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ለየባለቤቱ አስረዳለሁ። ፈረንጆቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ስልክ ያነሣሉ። «ይሠራል አይደል? ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?» የምትለዋን ስንቴ እንደሰማኋት እግዜር ይወቀው።

ጋሽ መኮንን ግን አንድ ቀን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። አገር ቤት ብዙ ዓመት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የሠሩ፣ በሱዳን በኩል የወጡ፣ እዚህ የሆቴል ቫን እየነዱ ፕሮግራም የተማሩ ሰው ናቸው። አለቃችንን ለምኜ ያስቀጠርኳቸው እኔ ነኝ። የሦስት ወር ሙከራቸው የሚያልቀው ያን ዓርብ ነበር። ካላለፉ ተመልሰው ወደ ቫኑ ነው... እኔም ከዚያ በኋላ ሰው አመጣለሁ ብዬ አፌን አልከፍትም።

ኮዳቸውን ከፍቼ ሳየው ደሜ ፈላ። ሊንት በጮኸበት ቦታ ሁሉ «አውቄ ነው፣ እለፈው» የሚል ምልክት ለጥፈውበታል። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሊንት አንድ ቦታ ላይ «የቫኑ ቁጥር ሳይሞላ ሥራ ላይ ውሏል» ብሎ ነበር። ከአርባ አንዱ ውስጥ ዋናው ጥፋት ይኸው ነው፤ ነፃ ቫን ከጠፋ ቁጥሩን የሚሞላው የለም። እሳቸው ምን አደረጉ? ገና ከመጀመሪያው ዜሮ ሞሉበት። ሊንትም ዝም አለ።

ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ታላቅ ሰው ላይ አይጮኽም፤ ጥርሴን ነክሼ ነው የማወራው።

«ጋሽ መኮንን፣ ዜሮ ቁጥር የሚባል ቫን ያውቃሉ?»

«አላውቅም። ከአንድ ነው የሚጀምረው።»

«ታዲያ እንግዳው ‹ዜሮ ቁጥር ቫን እየመጣልህ ነው› ተብሎ ከነሻንጣው ቢቆምስ?»

«ቆሞ ይቀራላ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ሳያነሡ።

«እያወቁ ነው እንዴ ያደረጉት?»

«ዝም እንዲል ነው፣ ሰብለ። ዝም ማለት አለበት።»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ሳምንቱን ሙሉ ምሳዬን ትቼ መስመር በመስመር ያስረዳሁት ሁሉ ውሃ በላው። «እኔ የምደክመው እንዲገባዎ ነው ወይስ የሊንትን አፍ እንዲያዘጉ?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ወዲያ ማዶ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ አየን።

ጋሽ መኮንን ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። በታይፕ የተመታ እንግሊዝኛ ነው፣ ለአለቃችን የተጻፈ። ርዕሱ «ስለተሰጡኝ አርባ አንድ ማስጠንቀቂያዎች የቀረበ መልስ» ይላል። ከታች ደግሞ «ጥፋቴን አርሜአለሁ፤ ድርጅቱ ለዚህ ጊዜ በይቅርታ እንዲያልፈኝ...»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አንቺ አይደለሽ የነገርሽኝ? ‹ጋሽ መኮንን፣ ፋይልዎ ውስጥ አርባ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ› አላልሽም? አገር ቤት፣ እኛ መሥሪያ ቤት፣ በሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ሰው ይሰናበታል። ፋይል የገባ ነገር ደግሞ አይወጣም። እህል አልበላ ብሎኝ ነው የከረምኩት።»

ብያለሁ... ቃል በቃል። ሊንት «ዋርኒንግ» ይላል፣ እኔ «ማስጠንቀቂያ» አልኩ። ፋይል ያልኩት ኮዱ የተጻፈበትን ነው፤ እሳቸው የሰሙት የግል ማኅደራቸውን። ኮድም ፋይል እንደሚባል ጠፍቷቸው አይደለም። ግን ማስጠንቀቂያና ፋይል አንድ ላይ ሲጠሩ፣ ቢሮ ለኖረ ሐበሻ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው።

አፈርኩ። ስቆጣ የነበረው በራሴ ቃል ነው።

«ጋሽ መኮንን፣ ማንም አይቆጥርብዎትም። አለቃችን የሊንትን ወረቀት ዓይቶትም አያውቅም። ምክር ነው በቃ።»

«ምክር?»

«ምክር ብቻ።»

ረጅም ተነፈሱ። ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና የለጠፉትን ምልክት አንድ በአንድ አነሣን። ዜሮዋ ጋ ስንደርስ ግን እኔ አላስፈለግኳቸውም። «ቫን ከሌለ ለእንግዳ አይዋሽም» አሉ። «ሆቴሉ ዴስክ ላይ ላለችው እንግዳ ተቀባይ ኮል ይደረግና ‹ቫን የለም፣ ታክሲ ጥሪለት› ትባላለች። ቫን ስነዳ ስንቱ ሰው እኔ ላይ ተቆጥቷል መሰለሽ።» ራሳቸው ጻፉት።

ዓርብ ዕለት አለቃችን ቫኖቹን በሙሉ አስያዘና አንድ እንግዳ ጨመረ። ፕሮግራሙም ቫን እንደሌለ ለዴስኩ ተናገረ። አለቃችን ሣቀና የጋሽ መኮንንን እጅ ጨበጠ፤ ቋሚ ሆኑ። እኔ ደስ ብሎኝ ቅዳሜና እሑድን በሰላም አሳለፍኩ።

ሰኞ አዲሱን ወረቀት ሰጠኋቸው፣ ሃምሳ ሦስት መስመር። ሐሙስ ኮዱን ከፈትኩ። አንዱም አልተነካም።

«ጋሽ መኮንን፣ ምነው? አላዩትም እንዴ?»

«ኧረ አንብቤዋለሁ» አሉ፣ ወንበራቸው ላይ ዘና ብለው። «ጥሩ ጥሩ ምክር ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

ማስጠንቀቂያ ስላቸው እህል አስጣልኳቸው፣ ምክር ስላቸው አመስግነውኝ ተቀመጡ... በሁለቱ መሃል ያለውን የአማርኛ ቃል የምታውቁ ካላችሁ፣ ቢዘገይም ንገሩኝ።