መካኒሳ የማይቆም ሰርቪስ

ቂመኛ ነኝ። ይህን የምናገረው ንስሐ ልገባ ፈልጌ አይደለም፤ ቀጥሎ ያለውን የሚያነብ ሰው «ምን ዓይነት ሴት ናት?» እያለ እንዳይደክም ብዬ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይቺ ልጅ እንቅፋት ሆኖ የመታትን ድንጋይ ተመልሳ ትረግጠዋለች» ትል ነበር። አልተሳሳተችም።

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የመጣሁት መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከላፍቶ ወዲያ፣ ያኔ ገና የጤፍና የሽንብራ ማሳ በነበረበት ሜዳ ላይ፣ አንድ አዲስ የሳሙና ፋብሪካ ተከፍቶ ነበር። በጥራት ቁጥጥር ክፍል ተቀጠርኩና አባቴን ይዤ መጣሁ። ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረውም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ዓይኑ ደክሞ የስፌት መኪናውን ከሸጠ ወዲህ ሥራው አንድ ብቻ ሆነ፤ ሰው መሃል መዋል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ከዚያ ግንብ ተደግፎ ከእኩዮቹ ጋር ፀሐይ ይሞቃል፣ ከሰዓት የታመመ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በእግሩ ነው። መኪና ያቅለሸልሸዋል፤ ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ ፊቱን ወደ መስኮት እንዳዞረ ነው የደረሰው። ስለዚህ ቤት ስፈልግ ግቢው ሰፋ ይበል፣ ቆርቆሮው አያፍስስ የሚለውን ሁሉ ትቼ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር። አባቴ የሚያስፈልገውን ሁሉ በእግሩ የሚያገኝበት፣ ክፉ ቀን ቢመጣም ብቻውን የማይሞትበት ሰፈር።

የፋብሪካው አስተዳደር ኃላፊ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ከፋብሪካው አጥር ጀርባ፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ሠራተኛ የሚሰጡ የብሎኬት ቤቶች ነበሩ። እሱ ራሱ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ማሳ መሃል ቪላ ሠርቶ፣ ሰው የማያሳይ አጥር አጥሮ ይኖር ነበር። እዚህ ላይ «እሱ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፣ ያንንም አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። ቤቱን ወስዶ አሳየኝ። እውነቱን ለመናገር መጥፎ ቤት አልነበረም። ውሃ አለው፣ መብራት አለው፣ ሽንት ቤቱም ከውስጥ ነው።

«ሥራ ቦታሽ አፍንጫሽ ሥር ሆነልሽ ማለት ነው» አለኝ።

በሩ ላይ ቆሜ ዙሪያዬን አየሁ። በአንድ በኩል አጥር፣ በሌላ በኩል ማሳ። ሱቅ የለ፣ ወፍጮ ቤት የለ፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት አንድ ድንጋይ እንኳ የለም።

«እዚህ የእድር ጥሩምባ ይሰማል?» ብዬ ጠየቅሁት።

ከት ብሎ ሳቀ። «የመጣሽው ለሥራ ነው ወይስ ለቀብር?»

እኔ ግን አልቀለድኩም። እኛ ሰፈር የምንለካው በዚያ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው በማለዳ እየዞረ ስም ይጠራል፤ ድምፁን ሰምተህ፣ ነጠላህን አጣፍተህ፣ በእግርህ የምትደርስ ከሆነ ሰፈርህ ነው። ካልሆነ ማደሪያህ ነው እንጂ ሰፈርህ አይደለም። ይህን ላስረዳው ሞከርኩ። ሰዓቱን አየ።

መካኒሳን ያገኘሁት በእግሬ ስዞር ነው። ከዋናው መንገድ ዳር፣ አንዲት ባልቴት የሚያከራዩት አንድ ክፍል ቤት። ከበሩ ወጥተህ በግራ ወፍጮ ቤት፣ በቀኝ ጉልት፣ ዳገቱን ትንሽ ወጣ ስትል ቤተ ክርስቲያን። እቃችንን ባራገፍን ማግስት አባቴ ብቻውን ወጣ፤ ሲመለስ ከአንድ ሪዛም ሽማግሌ ጋር እየተሳሳቀ ነበር። ሽማግሌው የሰፈሩ እድር ዳኛ ሆነው ተገኙ። አልጋ ከመግዛታችን በፊት እድር ገባን።

የፋብሪካው ሰርቪስ በየማለዳው ሠራተኛ እየለቃቀመ ከመሃል ከተማ ይመጣና በደጃችን ያልፋል። በደጃችን ስል በደጃችን ነው፤ ሲያልፍ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። እኔም የመጀመሪያውን ጠዋት ጫማዬን ወልውዬ መንገድ ዳር ቆምኩና እጄን አነሳሁ። አልቆመም። በማግስቱም አልቆመም። ሾፌሩን ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ «መካኒሳ እንዳትቆም ተብያለሁ» አለኝ።

ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

«ቤት ተሰጥቶሽ እምቢ ብለሻል። ቤት የተሰጠው ሰው ሰርቪስ አይገባውም» አለኝ።

«ይህ የት ተጽፏል?»

«ደንብ ነው» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

ሌሎቹ ሠራተኞች እንዲህ ያለ ደንብ ሰምተው አያውቁም። እንዲያውም የመሥሪያ ቤት እድር እናቋቁም ብለው ሲጠይቁት «ይህ ፋብሪካ ነው፣ ለቅሶ ቤት አይደለም» ብሎ መልሷቸዋል። ሰው ሰው የሚሸት ነገር ሁሉ ያሳክከው ነበር።

በእግሬ ተመላለስኩ። በጋውን እንኳ ወድጄው ነበር። ክረምቱ ነው አበሳዬን ያየሁበት። ያ መንገድ ሲዘንብ ጥቁር ማጥ ይሆናል። ኮንጎ ጫማ ተጫምቼ፣ የሥራ ጫማዬን በፌስታል አንጠልጥዬ እሄዳለሁ። ላፍቶ ስደርስ አንዲት የገበሬ ሚስት ከደጇ በጣሳ ውሃ ታወጣልኝና እግሬን እታጠባለሁ። እሷ በኦሮምኛ ትቀልዳለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ ሁለታችንም እንስቃለን። ሰርቪሱ ግን ጭቃውን እያለበሰኝ ያልፋል። የሥራ ባልደረቦቼ በመስኮት አይተው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ያፍሩ ነበር መሰለኝ። እኔ አላፈርኩም። ማታ ስመለስ አባቴ የቀኑን ወሬ ሲነግረኝ፣ ማን ልጅ እንደዳረ፣ ማን እግሩን እንዳመመው ሲያወራ፣ የመረጥኩት ልክ እንደሆነ አውቀው ነበር።

በሁለተኛው ክረምት፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ዘበኛው ጠራኝ። የእድሩ ዳኛ የላኩት ሰው በር ላይ ቆሟል፤ በጭቃው ውስጥ ሮጦ ነው የመጣው፣ ትንፋሽ አጥሮታል።

«አባትሽ በድንገት ታመዋል። ቶሎ ነይ ተብለሻል» አለኝ።

የፋብሪካው ፒክአፕ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሾፌሩ ጎማውን ተደግፎ ቆሎ ይበላል። ወደ ኃላፊው ቢሮ ሮጥኩ። አልቅሼ ለመንኩት፤ በሕይወቴ ሰው ፊት ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

«መኪናው የሥራ ነው» አለኝ። «ሩቁን የመረጥሽው አንቺ ነሽ። ለአንቺ ብዬ ደንብ አላፈርስም።»

ሮጥኩ። አንዱን ኮንጎዬን ጭቃው ዋጠው፣ ትቼው ሮጥኩ። ቤታችን ከሚታይበት ኩርባ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ደጃችን ላይ ሰዎች ድንኳን እየተከሉ ነበር።

ዳኛው ወጥተው ደግፈው አስገቡኝ። «እጃቸውን ይዤ ነበር» አሉኝ። «ሰፈሩ ሁሉ ከበባቸው ነበር፣ ብቻቸውን አልሞቱም። በሩን እያዩ ‹መጣች?› ይሉ ነበር። ጥቂት ብትቀድሚ ታገኚያቸው ነበር፣ ልጄ።»

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እውነት ነው። ሰፈሬ ለአባቴ ያልሆነው ነገር አልነበረም። ሰፈሬ ሊሰጠኝ ያልቻለውን ያችን ጥቂት ጊዜ የነጠቀኝ አንድ ሰው ነው። የአባቴ አፈር ሳይደርቅ መቃብሩ ላይ ቆሜ ተሳልኩ። ሰዎች ለልጅ፣ ለጤና ይሳላሉ። እኔ፣ ያን ሰውዬ ያችን መንገድ በጭቃ በእግሩ ሳላስኬደው እንዳልሞት ተሳልኩ። ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፣ «እንደምን አደሩ?» እያልኩ ሰላምታ ሰጠሁት። ረስታዋለች ብሎ ሳይሆን አይቀርም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በሚቀጥለው ክረምት አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ እሱ ነው። ከኋላው መኪናው መንገድ ዳር ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል፣ ዝናቡ ኮቱን አርሶታል።

«እህቴ» አለኝ። እህቴ! «እናቴ ሌሊት ዐረፈች።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። ይህን ከልቤ ነው ያልኩት፤ ሴትየዋን አላውቃቸውም፣ የበደሉኝም ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዘመዶቹ ከየአገሩ እየመጡ ነው፣ ዝናቡ አላባራም፣ እሱ ድንኳን የለው፣ አግዳሚ ወንበር የለው፣ ንፍሮ የሚቀቀልበት ድስት የለው። የአካባቢው ገበሬዎች የራሳቸው እድር አላቸው፤ ነገር ግን አጥሩን ሲያጥር ከብት የሚነዱበትን መንገድ ስለዘጋባቸው በራቸውን ለማንኳኳት ፊት የለውም። ያን ሁሉ ዓመት ጎረቤቱ አጥሩ ብቻ ነበር። ዘበኛው ነው «እሷ እድር አላት» ያለው።

ወደ ዳኛው ወሰድኩት። ጉዳዩን ሰሙና ሪዛቸውን እየዳበሱ ወደ እኔ ዞሩ። «አባል ላልሆነ ሰው አይሰጥም። አባል ‹በእኔ ይሁን› ካለች ግን እንሰጣለን። ምን ትያለሽ?»

መልሴን ሆን ብዬ አዘገየሁት። «አላውቀውም» ብል ኖሮ ያበቃል። ዝናቡ ሬሳው ላይ ባይወርድ እንኳ ለቀስተኛው ላይ ይወርዳል፣ ሰፈር አልባነቱን ወገኑ ሁሉ ያያል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያ በቀል በአሮጊቷ ሬሳ ላይ ሊሆን ነው። የእኔ ስለት ደግሞ ከእሱ እግር ጋር ነበር።

«ይሰጣቸው» አልኩ።

ትንፋሹን ለቀቀ። «እግዜር ይስጥልኝ። መኪናዬ እዚህ ነው፣ አሁኑኑ ጭነን...»

«አይሆንም» አልኩት። «የእድር ድንኳን በመኪና አይሄድም። ሐዘንተኛው ራሱ በትከሻው ይዞ በእግሩ ነው የሚወስደው። ደንብ ነው።»

ዳኛው አዩኝ። እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ እንዲህ ያለ ደንብ ኖሮ አያውቅም፤ ራቅ ወዳለ ቦታ ስናውስ በጋሪ እንጭናለን። ግን የአባቴን እጅ ይዘው የነበሩት እሳቸው ናቸው። ሁሉንም ያውቁ ነበር።

«አዎ» አሉ ኮስተር ብለው። «ደንብ ነው።»

ሸራውንና ድስቱን የእድሩ ወንዶች ተሸከሙ። እሱ የድንኳኑን ረጅም የብረት ቋሚ ትከሻው ላይ አደረገ። እኔ ኮንጎዬን ተጫምቼ ከፊት ቀደምኩ። ገና ከሰፈር ሳንወጣ የቆዳ ጫማው ማጡ ውስጥ ሰጠመ። ቆሜ ጠበቅሁት። «ቀስ ይበሉ» አልኩት፣ «እዚህ ጋ እኔም ወድቄያለሁ።» ትንሽ እንደሄድን «እዚህ ጋ ደግሞ ኮንጎዬ ቀርቷል፣ አባቴ የሞተ ዕለት» አልኩት። ያልበው ነበር፣ ብረቱ ትከሻውን ይፈጀው ነበር።

ያን ጊዜ ከኋላችን የሰርቪሱ ድምፅ ተሰማ። ከከተማ ሠራተኛ ጭኖ ይመጣል፤ ሾፌሩ የሌሊቱን መርዶ ገና አልሰማም። ኃላፊው ፊቱ በራ። ቋሚውን መሬት ላይ አሳርፎ፣ መንገድ ዳር ቆሞ፣ እጁን አነሳ። ልክ እኔ እንዳነሳሁት። አውቶቡሱ ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም። ከደረቱ እስከ እግሩ ጭቃ አልብሶት አለፈ።

«አላየኝም እንዴ?» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«አይቶዎት ይሆናል» አልኩት። «መካኒሳ እንዳትቆም ብለውት የለም? ደንብ ነው።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሌላ ምን እላለሁ? ቋሚውን አነሳና እስከ ቤቱ ድረስ ተሸክሞ ሄደ። ድንኳኑ ተተከለ፣ የእድራችን ሰዎች ዝናቡን ችለው ቀብር ድረስ ሸኙ፣ እኔም ንፍሮ እያዞርኩ ለቀስተኛ አስተናገድኩ። ማታ ላይ እንግዶቹን እየዞረ ሲያመሰግን ከፊቴ ደረሰና ቆመ። «አባትሽ የሞቱ ቀን...» አለ። የቀረውን ሳይጨርሰው ቀረ። እኔም አላገዝኩትም።

ሐዘኑን ጨርሶ ሥራ በገባ ማግስት ሰርቪሱ ደጃችን ላይ ቆመ። ባልቴቷ አከራዬ እንኳ ምን ሆነ ብለው ወጡ። በሩ ተከፈተ፣ ባልደረቦቼ በመስኮት በኩል ቦታ ለቀውልኛል።

«ግቢ እንጂ፣ ከእንግዲህ እዚህ ቁም ተብያለሁ» አለኝ ሾፌሩ እየሳቀ።

ዞር ብዬ ቤታችንን አየሁ፤ አባቴ ተኝቶ «መጣች?» እያለ ያየው የነበረውን በር። ፌስታሌን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«ሂድ» አልኩት። «እኔ ከእንግዲህ ፈጥኜ የምደርስለት ሰው የለኝም።»