በሕማማት የደረቀ ቀለም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የፎቶ ማተሚያ ሱቅ አለችኝ። ከከፈትኳት ጀምሮ እንደ ጸሎት የማላስታጉለው አንድ ነገር ነበር፤ ደንበኛ መጣም ቀረም በየቀኑ አንድ ባለ ቀለም ወረቀት አትማለሁ። ኢንክጄት ፕሪንተር ሥራ ከፈታ፣ ቀለም በሚረጨው ጭንቅላቱ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ቀለሙ ይደርቃል። አንዴ ከደረቀ ማስለቀቁ ፈተና ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ፣ የእኔ ቅጠል ያቺ አንድ ወረቀት ነበረች። ማሽኑን ከራሱ ማጥፊያ እንጂ ከሶኬት ነቅዬ አላጠፋውም፤ ሱቅ ስዘጋ ደግሞ አቧራ እንዳይገባው በአሮጌ ነጠላ እሸፍነዋለሁ። ጎረቤቶቼ "ሕፃኑን አስተኛኸው?" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሰሙነ ሕማማትን ገዳም ልሰግድ፣ ፋሲካን ደግሞ ቁይ ከተማ ወላጆቼ ቤት ልውል ተነሣሁ። በጠቅላላው ሁለት ሳምንት ነው። የሱቁን ቁልፍ ለታላቅ እኅቴ ሰጠሁና እንዴት እንደሚታተም አሳየኋት።

"በቀን አንድ ወረቀት፣ እታለም። አንድም ቀን እንዳይዘለል።"

እሺ አለችኝ።

ከዳግማ ትንሣኤ ማግስት ሱቁን እንደከፈትኩ አንድ አዛውንት ገበሬ ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ መጡ። በማግስቱ የሟች ባለቤታቸው ተዝካር ነው። የሟቿ ፎቶ በአዛውንቱ ስልክ ውስጥ አንድ ብቻ ናት፤ ትልቅ ሆና ታትማ ድንኳኑ ውስጥ እንድትቆም ይፈልጋሉ። "ሌላ ፎቶ የላትም። የሚመጣው ዘመድ ፊቷን ይያት" አሉኝ። የሚመለሱበት ሚኒባስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል።

ወረቀቱ ሲወጣ ክው አልኩ። ቀዩ ቀለም ጭራሽ የለም፤ የሴትዮዋ ፊት አረንጓዴ ሆኗል። ሳያዩት ቶሎ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያም በከተማችን ሁሉም ሰው የሚያምነውን ሰበብ አመጣሁ።

"መብራት ሄደ፣ አባቴ።"

"ይሁና። እስኪመጣ እጠብቃለሁ" ብለው ዱካው ላይ ተቀመጡ። አጠገባችን ያለው የኤሌክትሪክ ወፍጮ ግን እያጓራ ነበር። አሁን ሰሙት፣ አሁን ጠየቁኝ እያልኩ ሰጋሁ።

ማሽኑን ተሸክሜ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ጓዳ ገባሁ። እኅቴ ሽሮ ትነፋ ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኳት።

"ወረቀቱን አላተምሽም?"

"በሕማማት?" አለችኝ። "ሰው ሰላምታ በማይሰጣጥበት ሳምንት ማሽን ላሠራ? ከዚያ ፋሲካ ገባ፤ እሱም ሳምንቱን ሙሉ በዓል ነው።"

"አንድ ወረቀት ደግሞ ምን ሥራ ነው?"

"ሥራ ካልሆነ ምነው ራስህ ጥለኸው ሄድክ? አንተ ለነፍስህ ልትሰግድ፣ ኃጢአቱን ለእኔ።"

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሳምንት ማሽን መንካት እኔንም ከብዶኝ ነበር፤ ለዚህ ነው እሷን ያዘዝኳት። አፈርኩ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ አሁን የሚወርድበት ሰው አጣ እንጂ።

ለስላሳ ጨርቅ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ነክሬ ከጭንቅላቱ ሥር አደረግኩና ጠበቅኩ። ሞከርኩ፤ ቀይ የለም። ደግሜ ነከርኩ። ማሽኑ ራሱን እንዲያጸዳ ደጋግሞ ማዘዝ ቀለም ይጨርሳል እንጂ የደረቀውን አያስለቅቅም፤ ይህን እያወቅኩ ሁለቴ አዘዝኩት። አዛውንቱ በመጋረጃው በኩል "አልመጣም?" ይሉኛል፤ እኔ "አልመጣም" እላለሁ። ስምንት ተኩል ላይ ቀዩ ወጣ። አንድ ቀዳዳ ብቻ እምቢ አለ፤ ከዚያ በላይ ጊዜ አልነበረኝም፤ አተምኩትና "መጣ" ብዬ ይዤው ወጣሁ።

ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። ባለቤታቸው ጠይም፣ ፈገግ ያሉ ሴት ነበሩ። ከዓይናቸው ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር አልፋለች።

"ይቺ ምንድን ናት?"

ፎቶው ላይ የነበረች ናት ማለቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አልወጣ አለኝ።

"መብራት አልሄደም፣ አባቴ። ሁለት ሳምንት ሳላሠራው ማሽኔ ደርቆብኝ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዋሸሁዎት።"

ትክ ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ፎቶውን ቀስ አድርገው ጠቀለሉና ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡት።

"እንግዲያው ነገ ፊቷን ምን ነካው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አንተ እንደነገርከኝ እውነቱን እነግረዋለሁ" አሉኝና ወደ መናኸሪያው ሄዱ።