ሌላ ሰው ነበር?

ሮቤ ውስጥ እኔ በማልፍበት መንገድ ላይ ሲጋራ አይጨስም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ብመካም ግን ይገባኛል። ከገበያው ወደ ጎባ መውጫ በሚወስደው አስፋልት ዳር ስሄድ ፑል ቤቱ ደጃፍ የቆሙት ወጣቶች ሲጋራቸውን መዳፋቸው ውስጥ ይደብቃሉ፣ ጉንጩ በጫት ያበጠው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ የተቀመጠው ይነሳል። «አባባ፣ አካም ጅርቱ?» ብለው ደህንነቴን ይጠይቁኛል። እኔም «ነጋ»፣ ደህና ነኝ፣ ብዬ ሳልቆም አልፋለሁ። መቆም ክብርን ያረክሳል።

እዚህ ክብር ላይ የደረስኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። በወጣትነቴ የመንግሥት ስንዴ እርሻ ውስጥ የኬሚካል መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ፤ ፊደል የቆጠርኩት ከፀረ አረም ጣሳ ላይ ነው። ሀ ሁን በቅጡ ሳልጨርስ «ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ» የሚለውን በቃሌ እል ነበር። አማርኛውን ስጨርስ ጣሳውን አዙሬ ከእንግሊዝኛው ጋር ብቻዬን ታገልኩ። ከዚያ ወዲህ እኔ ሳላነበው የተቀደደ ማስታወቂያ በዚህ ከተማ የለም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ስንዴው ታጭዶ ኮምባይነሮቹ ከሄዱ በኋላ፣ ቀበሌው ስብሰባ ጠራን። አንድ የጤና መሥሪያ ቤት ጫት፣ ሲጋራ፣ መጠጥ፣ ሀሺሽና ክኒን ማን ምን ያህል እንደሚጠቀም ቤት ለቤት ሊጠይቅ ነው ተባለ። የተጠቃሚው ቁጥር ብዙ ከሆነ በጤና ጣቢያው ግቢ የምክርና የሕክምና ክፍል ይከፈታል፤ ትንሽ ከሆነ ክፍሉ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ጠያቂዋን ከበር በር የሚያደርስ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ፣ ሰው የሚያከብረው ሽማግሌ ይፈለጋል ሲባል ሁሉም ዘወር ብሎ እኔን ፈለገ። እኔ ቀድሜ ተነስቼ ነበር።

ስወጣ ጎረቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከስልጤ አገር በልጅነቷ የመጣች፣ ከአጥሬ ማዶ የሸቀጥ ሱቅ ያላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት።

«ጋሼ፣ ይህ ክፍል እዚህ እንዲከፈት ያድርጉልኝ።»

«ተከፈተ በይው።»

«ልጄን ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ። ሠላሳን ያለፈ፣ ከሮቤ ዲንሾ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነው። መንገድ ላይ እንዳያንቀላፋ ጫት ይቅማል፤ ሲገባ ደግሞ እንቅልፍ እንዲወስደው ምርቃናውን በአረቄ ይሰብራል፤ ጨብሲ ይሉታል እነሱ። ያን ሰሞን ደግሞ ክኒን ተጨመረበት። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እናቱ ናት፤ እኔማ አንድ ቀን እንኳ ሲቅም አይቼው አላውቅም፤ በእኔ ፊት እንዴት ተደርጎ! ሁለት ጊዜ ሩቅ ከተማ ወስዳ አሳክማዋለች፤ ሁለቴም መንገዱ ላይ ሲመለስ ነገሩም አብሮት ተመለሰ። ከስብሰባው በፊት በነበረው ክረምት ከዲንሾ ሲወርድ መሪው ላይ አንቀላፍቶ መኪናዋ ገብስ ማሳ ውስጥ ገብታ ቆመች። የሞተ የለም።

«የሚቀጥለው ገብስ አይሆንም ጋሼ» አለችኝ። «ገደል ነው። በየሳምንቱ የሚያየው ሰው ቅርብ ካለ ይድናል ብለውኛል። እዚህ ካልተከፈተ ግን…»

«እኔ እያለሁ?» አልኳት።

ጠያቂዋ ከአዳማ የመጣች ነርስ ነበረች። ትህትና ያላት ሴት ናት፤ መጠይቁን በታብሌት ይዛለች። ሌላ ጊዜ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው በሮቤ የሚያገኘው ውሻና «ባለቤቶቹ የሉም» የሚል ድምፅ ነው። ከእኔ ጋር ግን የማይከፈት በር አልነበረም። ወንበር ይጠረጋል፣ ወተት ይቀርባል። እኔም ገና ሳልቀመጥ «እውነቱን ተናገሩ! እንዳትፈሩ፣ እኔ እዚሁ ነኝ!» እላለሁ።

«ባለፉት ሠላሳ ቀናት ጫት ቅመው ያውቃሉ?» ትጠይቃለች እሷ። እኔ ወደ ኦሮምኛ እመልስላታለሁ።

«ላኪ!» ይላል ሰውየው እኔን እያየ። በፍጹም፣ ማለቱ ነው።

«ሲጋራስ?»

«ላኪ! ወላሂ ሽታው ራሱ ያመኛል።»

አንዱ እንዲህ ብሎ ሲምል ጥርሱ ሁሉ እንደ ሰኔ ማሳ አረንጓዴ ነበር። ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ። «ጎመን ይወዳል» አልኳት። እንግዳ ፊት የጎረቤቴን ገመና ልግለጥ እንዴ?

በየቤቱ መጨረሻ ላይ አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ ለባለቤቱ ሳይሆን ለራሷ። ቃሏን አነበበችልኝ፦ «በቃለ መጠይቁ ሰዓት ሌላ ሰው ነበር?»

«ነበር በይ! ጻፊ!»

«ጽፌያለሁ አባባ።»

ደስ አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሳገለግል የእኔን ድካም የሚመዘግብ ቦታ ያለው ቅጽ አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ በየቤቱ «የእኔን ሞላሽ?» እያልኩ እጠይቃት ጀመር። በሁለተኛው ቀን «አባባ፣ ከበሩ ውጭ ቢጠብቁኝ ይሻል ይሆን?» አለችኝ። ደክሞታል ብላ አዝናልኝ ይሆናል ብዬ «ልጄ፣ እኔ ውጭ ከቆምኩ ውስጥ ማን ያከብርሻል?» አልኳት። አስተባባሪዎቿ ሽማግሌ አብሮ ይግባ ብለው አዘዋት ኖሮ ወደሚቀጥለው በር አለፈች።

ጎረቤቴ ቤት ስንደርስ ሱቋን ዘግታ ጠበቀችን። ልጇ ፂሙን ተላጭቶ ተቀምጧል። እንደገባሁ ተነስቶ ትከሻዬን ሳመ፤ ከዚያ በኋላ አልተቀመጠም።

ነርሷ ጠየቀችው። መጀመሪያ እሷን አየ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ምንጣፉን።

«የለም» አለ። «ምንም።»

«ልጄ፣ ተናገር እንጂ!» አለች እናቱ። «ትናንት ምን ተባባልን?»

«ምን ልናገር እማዬ? አባባ ያውቁኛል።»

«በደንብ ነዋ!» አልኩ። «ጨዋ ልጅ ነው!»

አፌ ቀደመኝ። ሰው ሲያከብረኝ አክብሮቱን መመለስ ልማዴ ነው። እናቱ የያዘችውን ፎጣ አጥፋ አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ነርሷ የመጨረሻዋን ጥያቄ ሞልታ ታብሌቱን ዘጋች።

ውጤቱ ሲደርስ የድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በየሰፈሩ ዞራ ተናገረች፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም ተለጠፈ። ሱስ በቀበሌያችን የለም ማለት ይቻላል፤ ለሌሎች አርአያ የሚሆን ቀበሌ ነው፤ ክፍሉ ይበልጥ ወደሚያስፈልገው ከተማ ይሄዳል። አዳራሽ ተሰብስበን ለእኔ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። በመስታወት የታጠረ ነው። ጥርሰ አረንጓዴው ሰውዬ ከሁሉ አብልጦ አጨበጨበ። ጎረቤቴ አላጨበጨበችም።

በማግሥቱ ስኳር ልገዛ ሱቋ ሄድኩ።

«ደስ አለዎት ጋሼ?»

«መንግሥት አይቶ ያመሰገነው ሥራ ነው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እርስዎ ሲያልፉ ሲጋራው ሁሉ የሚደበቀው ለምንድን ነው?»

«ስለሚያከብሩኝ ነዋ!»

«መንገድ ላይ የሚደብቅዎት ሰው፣ ቤቱ ድረስ ሲመጡበት ይነግርዎታል?» ስኳሩን ገፋችልኝ። «ልጄ እንኳ እርስዎ ሳይገቡ ተዘጋጅቶ ነበር። ‹እማዬ ዛሬ እናገራለሁ› ብሎኝ ነበር።»

ስኳሩን ትቼ ወጣሁ። ሦስት ቀን ተቆጣሁ። ጨዋነት ያስተማረ ሰው ይወቀሳል? በአራተኛው ቀን በፑል ቤቱ ሳልፍ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆምኩ። ሁሉም ተነስተው አካም ጅርቱ አሉኝ። አንድ በአንድ አየኋቸው። የአንደኛው ጃኬት እጅጌ ይጨስ ነበር። ጣቱ እየነደደ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ፣ «አባባ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?» ይለኛል።

ከዚያው ቀጥታ ወደ ጤና መሥሪያ ቤቱ ቢሮ ሄድኩ።

«ጥናታችሁ ተበላሽቷል» አልኩት ኃላፊውን።

«ምን አበላሸው ጃርሳ?» አለ፤ ሽማግሌው ማለቱ ነው።

«እኔ።»

ሳቀ። «ሪፖርቱ ተልኳል እኮ። እርስዎን ደግሞ በየትኛው ሠንጠረዥ እናስገባዎት?»

ጥግ ላይ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠችው ነርስ ቀና አለች። «ገብተዋል» አለች። «የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ። በሁሉም ቤት ሌላ ሰው ነበር ብያለሁ። ምላሹ ስለማይታመን ይታይ ብዬ ማስታወሻም ጽፌ ነበር።»

ማስታወሻውን ያነበበው አልነበረም። እኔ ብሆን አነበው ነበር፤ ከፀረ አረም ጣሳው ዋናው ቁም ነገር ሁልጊዜ ከታች፣ በደቃቁ የተጻፈው ነው። ይህን ለኃላፊው ነገርኩት። ያቺ እኔ የምኮራባት ምልክት የእኔን ጥፋት ቤት በቤት ስትቆጥር መክረሟን ግን ለእሱ አልነገርኩትም፤ እዚህ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው።

«እና ምን እናድርግ?» አለ።

«ድገሙት። እሷ ብቻዋን ትግባ። እኔ ከቤቴ አልወጣም።»

ደብዳቤ ይጻፉ አሉኝ፣ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ነው፤ ሁለት ይበቃው ነበር፣ ግን ማማሩን ሳይ መተው አቃተኝ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ተፈቀደ። ነርሷ በውሾቹና በተዘጉት በሮች መካከል ብቻዋን ዞረች። እኔ ግቢዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ከባድ ሥራ ነው፤ እድሜዬን ሙሉ ያልሠራሁት ሥራ ነው።

በሦስተኛው ቀን የእኔን በር አንኳኳች። ባለቤቴን ወደ ጓሮ ላክኋት።

«ባለፉት ሠላሳ ቀናት ጫት ቅመው ያውቃሉ አባባ?»

«ለንባብ ነው።»

«አዎ ወይስ የለም ነው ያለው።»

«በመጀመሪያው ዙር ምን ብዬሽ ነበር?»

«የለም ብለውኛል።»

ደጁን አየሁ። ማንም የለም። «አዎ» አልኩ።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ?»

«ትናንት፣ ከአስር ሶላት በኋላ። የዛሬውን ያዘገየሽው አንቺ ነሽ።»

ሳትስቅ ሞላች። የመጨረሻዋን ጥያቄ ጮክ ብላ አንብባ «አልነበረም» አለች።

በሁለተኛው ጥናት ቁጥሩ በዛና ክፍሉ እዚሁ ተከፈተ። በጤና ጣቢያው ግቢ ጥግ፣ በሳምንት ሁለት ቀን። የድምፅ ማጉያዋ መኪና እንደገና ዞራ ተናገረች፤ ስለ ምስክር ወረቀቴ ምንም አላለችም፤ አልመለስኩትም። ከጤና ጣቢያው በር ፊት ለፊት እኔ ሃያ ዓመት የተቀመጥኩበት ሻይ ቤት አለ። እዚያ ሆኜ ክፍሉን እንደ ልጄ እጠብቀው ጀመር። በመጀመሪያው ሐሙስ የጎረቤቴ ልጅ መጣ። አየኝ። መንገዱን ተሻግሮ ትከሻዬን ሳመና ወደ ገበያ አለፈ። በሚቀጥለውም ሐሙስ እንዲሁ።

እናቱ ሱቋ በር ላይ አገኘችኝ። «ጋሼ፣ በዚህ ከተማ ሻይ የሚፈላው እዚያ ብቻ ነው?»

አሁን የምቀመጠው ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለ ሌላ ሻይ ቤት ነው። ከዚያ ሆኖ የሚታየው ግድግዳና የቆመ ኮምባይነር ነው። ሻዩ ውኃ ነው፤ ስለ ቅመም የሰማ ሰው በዚያ ቤት የለም። ባለፈው ሐሙስ አንድ የዲንሾ ሚኒባስ መጥታ ኮምባይነሩ ጎን ተደበቀች። ሹፌሩ ሊወርድ በሩን ሲከፍት ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እርምጃው በጀርባዬ አልፎ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ። ሁለተኛውን ብርጭቆ አዘዝኩ፤ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፤ ጠጥቼ ጨረስኩት፣ መኪናዋ ግን ገና አልተነሳችም ነበር።