በእጅ የሰጠሁት ሃንዳውት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ነው። ጊዜ ሲያልፍ "እንዴት ሞኝ ነበርኩ" ብሎ የሚስቅ ሰው አለ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። አሁንም ፒያሳ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ብጽፈው ምናልባት ይወጣልኝ ይሆናል። እንደ እኔ ሲቪውን በፕላስቲክ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ለሚዞር ሰውም ሳይጠቅመው አይቀርም።

ትርሲት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት፣ አሁንም የምኖረው እሪ በከንቱ ነው። በሙያዬ የግንባታ መሐንዲስ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ሳይት ላይ ሠርቻለሁ። የምሠራበት ድርጅት ሥራ ሲቀዘቅዝበት ሠራተኛ ቀነሰ፤ ከተቀነሱት አንዷ እኔ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ቤት ተቀመጥኩ። እናቴ በጡረታዋ እንደገና እኔን ማኖር ጀመረች። በሠላሳ አራት ዓመት ዕድሜ የታክሲ ከእናት መቀበል ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ ቀን አራት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ የድሮ የሥራ ባልደረባዬን አገኘሁትና የሆንኩትን አጫወትኩት።

"ለምን አታስተምሪም ታዲያ?" አለኝ።

ማስታወቂያ ስጠብቅ መክረሜን ስነግረው ሳቀብኝ። "አንቺ ደግሞ! ማስታወቂያ ከወጣማ ሰው ተይዞለታል ማለት ነው። ሳይወጣ ነው ዲፓርትመንቱ ድረስ ሄዶ ኃላፊውን ማናገር።"

እውነቱን ነው። አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው።

በማግስቱ ፒያሳ ወዳለ አንድ የግል ኮሌጅ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ከሥሩ ወርቅ ቤቶች ያሉበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። መግቢያው ላይ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ አስካለ ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና፣ "ማመልከቻሽን ወዲህ በይ ልጄ፤ ማኅተም መትቼ ቁጥር ልስጥሽ" አሉኝ። ወረቀቱን ላቀብላቸው እጄን ስዘረጋ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ከቢሮው ብቅ አለ።

"ተዪያት አስካለ፤ ገና ማስታወቂያ ላልወጣ ነገር ምን ቁጥር ያስፈልገዋል? ነይ ግቢ" አለ።

በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሴት "አንቺ" ማለቱን ሰምቻለሁ። ጉዳዬ የቀና ስለመሰለኝ ግን አላየሁም፣ አልሰማሁም ብዬ ገባሁ። ይህንንም ልናገር እንጂ።

ሲቪዬን ገለጥ ገለጥ አደረገና ወደ ጎን አስቀመጠው። "ሲቪ ሁሉም ያመጣል" አለኝ። "እኔ የምፈልገው የሚያስተምር ሰው ነው። ለአንድ ሴሚስተር የሚሆን ሃንዳውት አዘጋጅተሽ አምጪልኝ። ምሳሌው ከአገራችን ይሁን፤ ተማሪዎቹ የውጭ መጽሐፍ ሰልችቷቸዋል። እሱን አይቼ እወስናለሁ።" ወደ በሩ ሲሸኘኝም፣ "መዝገብ ቤት እንዳታስገቢው፤ እዚያ ከገባ ወሬ ይሆናል። ለእኔ በእጄ ነው የምትሰጪኝ" ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ቁም ነገረኛ ሰው አገኘሁ ብዬ እየበረርኩ ወረድኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀና ብዬ አላየሁም። ስድሳ አራት ገጽ ጻፍኩ። ሥዕሎቹን ራሴ ሣልኩ። ምሳሌዎቹን ደግሞ ከማውቀው ሠፈር አመጣኋቸው፤ የአፍንጮ በር የድንጋይ አጥር አለበት፣ የፒያሳ የእንጨት በረንዳ አለበት። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ የእኛ ሠፈር ደረጃ አለ።

ስለዚህ ደረጃ ትንሽ ማለት አለብኝ። ከእኛ መንደር ወደ ላይኛው መንገድ የሚያወጣ የድንጋይ ደረጃ ነው። የሠራው አባቴ ነው። አባቴ ግንበኛ ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው ሰው እየጣለ ሲያስቸግር ጎረቤቱን አስተባብሮ በእሑድ በእሑድ ገነባው። አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ደረጃው ግን አንድ ድንጋይ አልወለቀበትም። ከፍታውን በሜትር ለክቼ ሦስት ሜትር ከአርባ አምስት ሳንቲ ሜትር አገኘሁ። እያንዳንዱ እርከን አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው። "ስንት እርከን አለው?" የሚል ጥያቄ አወጣሁና ሥዕሉን ከጎኑ ሣልኩ። መልሱን ሃያ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

ተሳስቼ ነበር። ትክክለኛው ሃያ ሦስት ነው። ሥዕሉ ላይ እግር የሚያርፍባቸውን ድንጋዮች ቆጥሬ፣ የመጨረሻው እርምጃ የሚያርፈው መንገዱ ላይ መሆኑን ዘነጋሁት። መሐንዲስ ነኝ ባይዋ በአባቷ ደረጃ ላይ አንድ እርከን አጎደለች። በዚያን ጊዜ ግን አላወቅኩም።

ወረቀቱንም ፍላሹንም ወስጄ በእጁ ሰጠሁት። አገላብጦ አየና፣ "ጎበዝ! ይሄ ነው ሥራ ማለት። እደውልልሻለሁ" አለኝ። አንድ ወር ጠበቅኩ። ስደውል ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። መደወል በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት አንዴ አነሳና፣ "ክፍት ቦታ የለም፤ ማስታወቂያ ስናወጣ ታያለሽ" ብሎ ዘጋብኝ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ። ለእናቴ "እየታየ ነው" እያልኩ ሁለት ወር ዋሸኋት።

አንድ ቅዳሜ የጎረቤታችን ልጅ ፌቨን ፊቷን ጥላ መጣች። ፌቨን በዚያው ኮሌጅ የማታ ተማሪ ናት፤ ቀን አንድ ካፌ ባንኮኒ ላይ ትሠራለች።

"ትርሲትዬ፣ ይቺን እዪልኝ በናትሽ" አለችኝ። የፈተና ወረቀት ነው። "የኛን ደረጃ መሰለኝ መምህራችን የጠየቀው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እየቆጠርኩ ስወጣው የኖርኩትን ነገር ስህተት ብሎ አምስት ማርክ ቆረጠብኝ። ስጠይቀው 'ሃንዳውቱን አንብቢ' ብሎ በክፍሉ ልጆች ፊት ሙድ ያዘብኝ።"

ወረቀቱ ላይ "23" የሚለው መልሷ በቀይ ተሰርዟል። ከጎኑ "22" ተብሎ ተጽፏል።

"ሃንዳውቱ የታለ?" አልኳት። ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ከኮሌጁ ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ተማሪው ሁሉ የሚገዛው። ሽፋኑ ላይ በትልቁ "አዘጋጅ" ይልና የኃላፊው ስም ከነማዕረጉ ተጽፏል፤ ለካ የሚያስተምራቸውም እሱው ራሱ ነው። ገለጥኩት። የአፍንጮ በር አጥር፣ የፒያሳ በረንዳ፣ የአባቴ ደረጃ። እጄ የሣላቸው ሥዕሎች ሁሉ አሉ። ነጠላ ሰረዝ እንኳን አልቀየረም። ስህተቴን ሳይቀር ሰርቆታል!

መጀመሪያ ያፈርኩት በራሴ ነው። የእኔ ስህተት ያቺን ልጅ አምስት ማርክ አስከፍሏታል። ከዚያ በኋላ የመጣብኝን ንዴት ግን በጽሑፍ ማስቀመጥ አልችልም።

ሰኞ ጠዋት አራቱን ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ወጥቼ ቢሮው ገባሁ። ሃንዳውቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ይሄ የኔ ሥራ ነው" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "ይቅርታ፣ አንቺ ማነሽ?" አለኝ።

"ማስተማር ፈልጌ ያመለከትኩት ትርሲት ነኝ። ሃንዳውት አምጪ ብለውኝ በእጅዎ የሰጠሁዎት።"

"ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር?"

"አልወጣም።"

"ማስታወቂያ ባልወጣበት ቦታ ነው ያመለከትሽው? እሺ፣ ማመልከቻሽ መዝገብ ቤት ገብቷል? ቁጥሩን ንገሪኝ።"

ለካ "በእጄ ስጪኝ" ማለት ይሄ ነው! ያልወጣ ማስታወቂያ፣ ያልገባ ማመልከቻ፣ ያልመጣች ሴት። እዚያ ቢሮ ውስጥ እኔ የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም።

እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ የፌቨንን ፈተና አወጣሁና፣ "እሺ፣ ይሄን ያዘጋጁት እርስዎ ከሆኑ፣ ደረጃው ስንት እርከን አለው?" አልኩት። እናቴ ያስለመደችኝን "እርስዎ" ያን ሰዓት እንኳን መተው አቃተኝ።

"ሃያ ሁለት፤ ተጽፏል እኮ።"

"ሦስት መቶ አርባ አምስትን ለአሥራ አምስት ያካፍሉት።"

ስልኩን አወጣና አካፈለ። ደግሞ አካፈለ። ፊቱ ቀስ በቀስ ቀላ።

"የትየባ ስህተት ነው" አለ።

"የማን ትየባ?"

ተነሥቶ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ፣ ነገሩን አናክብደው። በሁለተኛው ሴሚስተር አንድ ክፍል እሰጥሻለሁ። በዚሁ ሃንዳውት ታስተምሪያለሽ። ማስታወቂያ ምናምን አያስፈልግም፤ በእኔና በአንቺ መሃል ይለቅ።"

አልዋሽም፤ አመነታሁ። ዓመት ሊሞላ ምንም እስከማይቀረው ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ይፍረደኝ። እናቴ ታየችኝ። ከዚያ ደግሞ የገዛ ጽሑፌን፣ የእሱ ስም ያለበትን ይዤ ተማሪ ፊት ስቆም ታየኝ።

"መጀመሪያ የልጅቷን ማርክ ያስተካክሉ" አልኩት።

"አንዷ ብቻ እኮ ናት ሃያ ሦስት ያለችው! ሌላው ሁሉ ሃያ ሁለት ነው የጻፈው። አሁን ብነካው ለምን ይሉኛል።"

"አንዷ ብቻ ናት የቆጠረችው" ብዬው ወጣሁ። በሩን ጠርቅሜዋለሁ፤ አልጸጸትም።

ወይዘሮ አስካለ ሁሉንም ሰምተዋል መሰለኝ፣ በእጃቸው ጠቀሱኝ። "አስገቢ ብዬሽ ነበር እኮ ልጄ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ስለ አርማታ ጽፎ አመጣለት። ከሱ በፊትም አንዷ ነበረች። ሁሉንም 'በእጄ' ነው የሚላቸው። እኔ ቁጥር ያልሰጠሁትን ነገር ምን ብዬ ልመስክር?"

ያን ቀን ለኮሌጁ ዲን አቤቱታ ጻፍኩ። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ አስካለ ፊት ቀረብኩ። ማኅተሙን እንዲያ ሲመቱት የጠረጴዛው ብርጭቆ ዘለለ። ቁጥሩን እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። መልስ ግን እስካሁን አልመጣም። በሳምንቱ የፌቨን አምስት ማርክ ብቻ ያለ አንዳች ቃል ተመለሰ። ይቅርታ የጠየቃት የለም።

ሃንዳውቱ ግን መሸጡን ቀጠለ። የሚመጣውን ተማሪ ሁሉ የሚያሳስተው የእኔ ስህተት መሆኑ እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገባሁና ዋናውን ቅጂ እንዲያሳየኝ ባለቤቱን ጠየቅኩት። ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጨዋታ የሚያውቅ የፒያሳ ሰው ነው።

"ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ስህተት አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ላርመው" አልኩት።

ሽፋኑን አየ፣ እኔን አየ። "እዚህ የተጻፈው ሰውዬ አንቺን አይመስልም" አለኝ።

"ደረጃው ያለው እሪ በከንቱ ነው። ካላመኑኝ ይውረዱና ይቁጠሩት።"

"ቁልቁለቱን እንኳ እወርድ ነበር፤ ዳገቱን ማን ሊያወጣኝ ነው?" አለና ሳቀ። ከዚያ ገጹን ገልጦ ከጆሮው ላይ እስክሪብቶውን አውርዶ ሰጠኝ። "እኔ የማውቀው ማባዛት ነው። ያለውን አባዛለሁ" አለኝ።

ሃያ ሁለትን ሰርዤ ሃያ ሦስት ጻፍኩ። እጄ ከወረቀቱ አልነሳ አለ። ከሥዕሉ ሥር በትንሹ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩት፤ ትርሲት ወልዴ።

አሁንም ሥራ እየፈለግኩ ነው። ንዴቱም አልወጣልኝም። ማንም "በእጅ ስጪኝ" ሲለኝ ሰውነቴን ይወረኛል፤ ቁጥር ሳልቀበል የምለቀው ወረቀት የለም። ያ ሰውዬ ዛሬም ያው ወንበር ላይ ነው፤ ስሙም ሽፋኑ ላይ እንዳለ ነው። ይህ ያቃጥለኛል፤ የማይቃጠል ካለም እንጃለት።

ባለፈው ሳምንት ግን ፌቨን አዲስ ከተገዛው አንዱን አምጥታ አሳየችኝ። ጽሑፌ ደብዘዝ ቢልም ይነበባል። ደረጃው ሃያ ሦስት እርከን ሆኗል። ከሥሩ የሠራው ሰው ስም አለ፤ ወልዴ።