ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የተዋጡ ክኒኖች

ያን ሰሞን ገላዬን ያሳከከኝ ምን ነበር? እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ቢቸና ገበያ ጤፍ ነፍቼ ስለምሸጥ ብናኙ ነው ብዬ ሥራውን ለጥቂት ጊዜ ተውኩት። አልለቀቀኝም። በኋላ ያየኝ ሐኪም፣ ብዙ ሰው ላይ መነሻው ሳይታወቅ ይቀራል ብሎኛል።

የጀመረኝ በዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ክንዴ ሳማ የለበለበው ይመስል ቀላ፤ ከዚያ አበጥ አበጥ አለ። ወደ ማታ አንገቴና ጀርባዬ ላይ ወጣ። ጤና ጣቢያ ስሄድ «አለርጂ ነው፤ ዩርቲካሪያ ይባላል» አሉኝ። ክሎርፌኒራሚን የሚባል ክኒን ሰጡኝ፦ ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። እንቅልፍ ሊያመጣ እንደሚችልም ነገሩኝ።

እኔ ደግሞ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አልቀምስም። ስለዚህ የጠዋቱንና የቀኑን ክኒን አንድ ላይ አድርጌ ጾም ስፈታ መዋጥ ጀመርኩ። የማታውን ስተኛ። ከታዘዘልኝ አንድም ስላላጎደልኩ ጠንቃቃ የሆንኩ መሰለኝ። በእኛ ሰፈር እንዲህ የሚያደርግ ብዙ ነው፤ ለሐኪም የሚናገር ግን የለም። የራስን ጾም ማውራት ውዳሴ ከንቱ ይመስለናል። ደግሞም «ጾሙን ተዪው» እንዳይሉን እንፈራለን።

ማሳከኩ ጋብ አለ። ሌላ ነገር መጣ።

የማታ ተማሪ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ስድስተኛ ክፍል ከገባች በኋላ ነው። ያን ዓመት ስምንተኛ ክፍል ደርሼ ለፈተና እየተዘጋጀሁ ነበር። ትምህርቱ የሚጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ሁለቱን ክኒኖች ከዋጥኩ ብዙም ሳልቆይ ማለት ነው።

ተቀመጥኩ። አፌ ደረቀ። ጭንቅላቴ ከበደኝ። መጽሐፉን ገለጥኩ። ፊደላቱ ደበዘዙ። አንዱ ካንዱ ተደባለቀ። ዐይኔን አሸሁ። አልጠራም። እንቅልፍ ጣለኝ።

«እትዬ፣ ትራስ ላምጣልሽ?» አለችኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በማግስቱም ያው ሆነ። በሌላውም ቀን። በመጨረሻ መምህሩ ወደ ውጭ ጠራኝ። ከልጄ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው፤ እንዳልከፋ ቃል ሲመርጥ ይታወቅበት ነበር።

«እትዬ፣ ደክሞዎታል። ፈተናው ለከርሞ ቢሆንስ?»

ለከርሞ። ቤቴ እስክደርስ ይቺው ቃል ናት ጆሮዬ ላይ የቀረችው። ዐይኔ ሊጠፋ ነው አልኩ። ወይም አእምሮዬ። በዚህ ዕድሜ ያገኘሁት ንባብ ተመልሶ ሊሄድ ነው።

እህቴ ሞጣ ስላለች እሷ ዘንድ አርፌ ዐይኔን ተመረመርኩ። ሐኪሙ ደጋግሞ አየኝ። «ዐይንዎ ጤነኛ ነው። የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩት። የማሳከክ ክኒን ከዐይን ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም።

ክኒኔ እያለቀ ስለነበር ከዚያ ወጥቼ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለሙያዋ ሂጃብ ያደረገች ወጣት ናት። ማሸጊያውን ተቀብላ አየችው።

«እንዴት ነው የሚወስዱት እትዬ?»

«እንደታዘዘልኝ።»

«ስንት ስንት ሰዓት ላይ?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ። ያን ዓመት የእነሱም ጾም ከእኛ ጋር ገጥሞ ነበር። ከንፈሯ ደርቋል። ነገሩ የገባት መሰለኝ፣ ፈገግ አለች።

«እኔም ጾም ነኝ፣ እስከ መግሪብ። ለኔ ቢነግሩኝ ማን ይታዘብዎታል?»

ነገርኳት። ሁለቱን አንድ ላይ እንደምውጥ፣ ክፍል ውስጥ እንደምተኛ፣ ፊደል እንደሚደባለቅብኝ፤ ለባሌ እንኳ ያልነገርኩትን ሁሉ።

«ታዲያ ዐይንዎ ምን አደረገ? ክኒኑ ነዋ!» አለች። «ያመለጠ ክኒን ከሚቀጥለው ጋር አይደረብም። መጾምዎን ከነገሩን እኛ ሰዓቱን እናስተካክላለን።»

ዐይኔን ወደመረመረኝ ሐኪም መልሳ ላከችኝ። እሱም ጾሜን ሳይነካ፣ እንቅልፍ እምብዛም በማያመጣው በሎራታዲን ለወጠልኝ፤ በቀን አንዴ፣ ማታ። ከጥቂት ቀን በኋላ አፌ ረጠበ፣ ራሴ ቀለለኝ፣ ፊደላቱም አንድ በአንድ ወደየቦታቸው ተመለሱና ከዚያ በፊት ሦስቴ ጀምሬ የተውኩትን ምዕራፍ ቤቴ በር ላይ ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ለኔ የተስማማኝ ክኒን ለእናንተ ላይሆን ይችላል። የምትጾሙ ከሆነ ግን ገና ሲያዝላችሁ ተናገሩ። እርጉዝ ከሆናችሁ፣ የምታጠቡ ከሆነ ወይም የዐይን ግፊት ካለባችሁም እንደዚሁ። እንቅልፍ የሚያመጣውን ክኒን ወስዳችሁ ማኅበር ላይ ጠላ ቢቀርብላችሁ፣ አሳላፊው ቢቀየማችሁም ይቅር። የጉንፋን ክኒን ስትገዙ ያው መድኃኒት በውስጡ እንዳይኖር ጠይቁ። ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ክኒን ውጦ መጠበቅ የለም፤ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ነው።

ያቺን የመድኃኒት ቤት ልጅ ከልቤ አመሰግናለሁ። ያን ቀን ተመልሼ አዲሱን ክኒን ከእሷ ገዝቼ በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ።

«እትዬ! ፈተናው መቼ ነው?»

«በሰኔ።»

«በሉ እንዳያንቀላፉ!»

አላንቀላፋሁም። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ።